የልብ ወለድ ጦርነትና እውነተኛው ከበባ

ባለፈው ክረምት የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን «የንጉሡ መመለስ» የተባለውን መጽሐፍ አነበብሁ። ታሪኩን ለባልንጀራዬ ባጫውተው «ይህ ሁሉ ተረት ነው፤ ጊዜህን በከንቱ አታጥፋ» ሲል ዘለፈኝ። ነገሩ ስለ ከነከነኝ የታሪክ መጻሕፍትን መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁትንም እነሆ አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1955 ዓ.ም. በታተመው በዚህ መጽሐፍ ሚናስ ቲሪት የምትባል ከተማ በጠላት ተከባ ሕዝቧ ተስፋ ሲቆርጥ፥ ዶሮ ሲጮህ ፈረሰኞች ይደርሱላታል። ይህን የሚመስል ነገር በ1683 ዓ.ም. በቪዬና ሆኗል። የካራ ሙስጠፋ ፓሻ የቱርክ ጦር በጁላይ ወር ከተማይቱን ከቦ፥ ከምሽጉ ሥር ጉድጓድ እየቆፈረና ባሩድ እያፈነዳ ቅጥሩን ይንድ ነበር። በውስጥም ረኃብና በሽታ ጸና። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፥ ሴፕቴምበር 12 ቀን፥ የጀርመንና የኦስትሪያ እግረኞች ከማለዳ ጀምረው ሲዋጉ ውለው፥ ወደ ማታ የፖላንዱ ንጉሥ ያን ሶቢየስኪ ፈረሰኞቹን እየመራ ከኮረብታው ወረደ። ከበባውም በዚያው ቀን ተሰበረ።

አሜሪካዊው ጆርጅ ማርቲን ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የጠላት መርከቦች በሰንሰለት ተዘግተው በአረንጓዴ እሳት ሲነዱ ያሳያል። ሰንሰለቱም እሳቱም በቁስጥንጥንያ ነበሩ። በ717 እና በ718 ዓ.ም. ዐረቦች ከተማይቱን በከበቡ ጊዜ፥ ተከላካዮቹ በውሃ ላይ የሚነደውን «የግሪክ እሳት» ከመርከብ በቧንቧ ረጩባቸው። ወርቃማው ቀንድ የተባለውም ወደብ በብረት ሰንሰለት ይዘጋ ነበር።

መመሳሰል መቅዳት አይደለም። ሆኖም ቶልኪን ራሱ በጻፈው ደብዳቤ የሚናስ ቲሪትን መንግሥት ከቢዛንታይን ጋር አመሳስሏል።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በ1453 ዓ.ም. ሡልጣን መሐመድ 2ኛ መርከቦቹን በግንድ ላይ እያስጎተተ በየብስ አሳልፎ ሰንሰለቱን ከንቱ አደረገው። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ 11ኛ ከምዕራብ የሚመጣ የመርከብ ጦር ሲጠብቅ ሳይደርስለት ቀረ፤ ሜይ 29 ቀንም ከከተማው ጋር ወደቀ።

ይህን ለባልንጀራዬ ብነግረው ጥቂት ዝም ብሎ መጽሐፉን እንዳውሰው ለመነኝ። እኔም ያን ጊዜ አንድ ነገር ተረዳሁ፤ በልብ ወለድ ረዳት የሚደርሰው፥ በእውነት ረዳት ያጡ ከተሞች ስለ ነበሩ ነው። ስለዚህ ተረቱን ስናነብ ታሪኩንም አብረን እናንብብ።