የሐዲድ ጠጠር አቧራ

ከባቡር ሐዲድ ሥር የሚነጠፈው የተሰበረ ድንጋይ ባላስት ይባላል። ክብደቱን ለመሬት ያከፋፍላል፣ የዝናብ ውኃንም ያሳልፋል። ብሪታንያ ውስጥ ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ድንጋዮች አንዱ ግራናይት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ አምስተኛው በላይ ኳርትዝ ነው። ኳርትዝ ሲደቅ ሲሊካ የተባለውን ብናኝ ያወጣል።

አቧራው የሚነሣው ድንጋዩ በተነካ ቁጥር ነው፦ ፉርጎ ጠጠር ሲያራግፍ፣ ማሽን ጠጠሩን ሐዲዱ ከሚያርፍበት አግዳሚ ሥር ሲጠቀጥቅ፣ ወይም አሮጌውን አውጥቶ ሲያበጥር። አሮጌው ይብሳል፤ ባቡር ለዓመታት ሲፈጨው ኖሯልና። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ንፋስ ስለሌለ ብናኙ መውጫ ያጣል።

ዓይን የሚያየው ደመና ያስፈራል እንጂ ሳንባን በዋናነት የሚጎዳው እሱ አይደለም። ሻካራው አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በተለይ ከ4 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ግን ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ስለማይችሉ ይሞታሉ፤ በቦታቸው ጠባሳ ይበቅላል። ይህ ሲሊኮሲስ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ ሠራተኛው ሥራውን ከተወ በኋላም ሊባባስ ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1997 እንዲህ ያለውን የሲሊካ ብናኝ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

የብሪታንያ ደንብ ለዚህ ብናኝ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.1 ሚሊግራም ወሰን አድርጓል። አንድ ሰው በፈረቃው 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ስለሚተነፍስ፣ የቀን ድርሻው 1 ሚሊግራም ገደማ ነው። አሜሪካ በ2016 ከዚህ በግማሽ ያነሰ ወሰን አውጥታለች።

መከላከል የሚጀምረው ከምንጩ ነው። ጠጠሩ ሲራገፍ ውኃ ይረጭበታል፤ የድንጋይ ካባ ላይ ታጥቦ የመጣ ጠጠርም በመንገድ ይደርቃልና ያንን ማመን አይገባም። የማሽን ነጂው የተጣራ አየር በሚገባበት ዝግ ክፍል ይቀመጣል፤ በር ከፍቶ ከሠራ ግን ማጣሪያው ዋጋ የለውም። እግረኛው ሠራተኛ ደግሞ ንፋሱ ከኋላው እንዲመጣ ይቆማል።

ጭምብል የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መላ አይደለም። ኤፍኤፍፒ3 የተባለው ዓይነት ብናኙን ወደ አንድ ሃያኛ ይቀንሳል፤ ያውም ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ። መግጠሙ የሚፈተነው እንዲህ ነው፦ ሠራተኛው ጭምብሉን እንዳጠለቀ ራሱ ላይ ቆብ ይደፋለታል፤ ውስጡ መራራ ፈሳሽ ይረጫል። ምሬቱ ምላሱ ላይ ከተሰማው ጭምብሉ ያሾልካል ማለት ነው። ለአንድ ቀን ያደገ ጢም እንኳ ለማሾለክ ይበቃል። ጢሙን የማይላጭ ሠራተኛ በባትሪ የሚነፋ አየር ያለው ልል ቆብ ሊሰጠው ይገባል።

የአየሩ ልክ የሚታወቀው አንገትጌ አጠገብ በሚሰካ ናሙና መውሰጃ ነው፤ ወገብ ላይ ያለች ትንሽ ፓምፕ አየር ትስብለታለች፣ ማጣሪያው ላይ የቀረውም በቤተ ሙከራ ይመረመራል። ሠራተኛው በበኩሉ የትንፋሽ ምርመራ፣ ካስፈለገም የደረት ራጅ ይደረግለታል። የጤና መዝገቡ ቢያንስ 40 ዓመት መቀመጥ አለበት፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ ሠራተኛው ጡረታ ከወጣ ወይም ቀጣሪ ከቀየረ ወዲያ ነው የሚታየው።