ስብከቱና የሒሳብ መዝገቡ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን አፍሪካን ለምን ተቀራመቷት? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ለፋብሪካቸው ጥሬ ዕቃና ገበያ ፈልገው ነው ይላል፤ ሁለተኛው በክብርና በኀይል ስለ ተፎካከሩ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ሃይማኖትንና ሥልጣኔን ለማስፋፋት ነው ይላል። ሦስቱም የእውነት ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ የትኛው መሪ፣ የትኛው ተከታይ እንደ ነበረ ለመለየት የምንሻ እንደ ሆነ፣ ከንግግሩ ጋር የሒሳብ መዝገቡንም መግለጥ ይገባናል። ለዚህም ኮንጎን ምሳሌ እናደርጋለን፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቤልጂክ ንጉሥ ዳግማዊ ሌኦፖልድ በ1876 ዓ.ም. አገር አሳሾችንና የጂኦግራፊ ሊቃውንትን ወደ ብሩክሴል ጠርተው፣ አፍሪካን ከባርያ ንግድ ስለ ማዳንና ስለ ማሠልጠን ጉባኤ አደረጉ። ለዚሁም ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ። ከ1879 ጀምሮ ግን ንጉሡ የላኩት ሄንሪ ስታንሊ በኮንጎ ወንዝ ዳር ጣቢያዎችን ሠራ፤ እርሱና ረዳቶቹም የአገሩን አለቆች በማያነቡት ቋንቋ በተጻፈ ውል ላይ ምልክት እያስደረጉ መሬቱን ተረከቡ።

ከ1884 እስከ 1885 በርሊን ላይ 14 መንግሥታት ሲሰበሰቡ ከኮንጎ አንድም ሰው አልተጠራም። የጉባኤው ውል በአንቀጽ 6 የአገሬውን ሰው ኑሮ ለማሻሻልና የባርያን ንግድ ለማጥፋት ቃል ይገባል። ታላላቆቹ መንግሥታት ያን ሰፊ አገር ለአንዲት ትንሽ አገር ንጉሥ የለቀቁት፣ ተቀናቃኛችን ከሚወስደው ንግዱን ለሁሉ ክፍት አደርጋለሁ የሚለው ሰው ቢይዘው ይሻላል በማለት ነው። ኮንጎም የንጉሡ የግል ግዛት ሆነ፤ እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልረገጡትም።

በ1888 ደንሎፕ በነፋስ የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ ከሠራ በኋላ፣ በኮንጎ ዱር የሚበቅለው የጎማ ሐረግ ዋጋው ናረ። እያንዳንዱ መንደር ጎማ እንዲገብር ታዘዘ። ወንዶቹ ለቅመው እስኪያመጡ ሚስቶቻቸው በመያዣነት ይታሰሩ ነበር፤ ወታደሮችም ጥይት አለማባከናቸውን ለማስረዳት የሰው እጅ ቈርጠው ያቀርቡ ነበር።

ነገሩን ከመዝገብ ያነበበው አንድ ወጣት ጸሐፊ ነው። በሊቨርፑል የመርከብ ኩባንያ የተቀጠረው ኤድመንድ ሞሬል፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ አንትወርፕ ወደብ እየተላከ የኮንጎን ጭነት ይከታተል ነበር። መርከቦቹ ጎማና የዝሆን ጥርስ ሞልተው ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ግን የሚጭኑት በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት ነው። እንግዲያው ለጎማው ለቃሚ የሚከፈል ዋጋ የለም ማለት ነው። ሞሬል በ1901 ሥራውን ለቆ ግፉን በብዕሩ ያጋልጥ ጀመር። በ1904 የእንግሊዝ ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ሪፖርት ታተመ፤ በ1908 ንጉሡ ኮንጎን ለቤልጂክ መንግሥት ለማስረከብ ተገደዱ። ሕዝቡ ነጻነቱን ያገኘው ግን በ1960 ነው።

በቅን ልቡና የሄዱ ሚስዮናውያን እንደ ነበሩ፣ ግፉንም ካጋለጡት አንዳንዶቹ እነርሱ እንደ ሆኑ አንክድም። ነገር ግን በኮንጎ ስብከቱ ፈቃድ አስገኘ፤ ፉክክሩ በሩን ከፈተ፤ ሥራውን ያዘዘው ትርፉ ነው። አባቶቻችን «አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ተማሪውም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ውል የሚያገላብጠው ወጣት፣ የመግቢያውን ያማረ ቃል ካነበበ በኋላ ገቢና ወጪው ወደ ተጻፈበት ገጽ ይለፍ እንላለን።