ያውቁ ኖሯል? ዓይን፣ አንገትና የእጅ አንጓ በቢሮ ወንበር ላይ

በደብረ ታቦር ከተማ በኮምፒውተር የሚሠሩ 607 የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ዓይናቸው ተጠይቀው ነበር። 69.5 በመቶዎቹ ኮምፒውተር ያመጣው ችግር ተገኘባቸው! ብዥታ፣ ራስ ምታት፣ የዓይን ድካም! ከአሥሩ ሰባቱ ማለት ነው!

ሰው በተለምዶ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ብቻ! ማታ ዓይንዎን የሚቆጠቁጥዎት ውሎ ስለደረቀ ነው!

ዓይን ቅርብ ሲያይ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሩቅ ሲያይ ይፈታል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ፣ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ማየት ይበቃል! እርስዎ ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና አለልዎት! ወደ እሱ ቀና ይበሉ!

ጣቶችዎን የሚያጥፉና የሚዘረጉ ጡንቻዎች ጣቶችዎ ውስጥ የሉም! ያሉት መዳፍዎና ክንድዎ ላይ ነው! ኪቦርድ ሲመቱ ውለው ክርንዎ አካባቢ ቢያምዎት አይገረሙ!

በእጅ አንጓዎ ባለች አንዲት ጠባብ መተላለፊያ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣብበው ያልፋሉ! ቦታው ሲያብጥ ነርቩ ይጨመቃል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ይደነዝዛሉ፤ የቀለበት ጣት ግማሹ ብቻ! ትንሿ ጣት ግን ምንም አትሆንም፤ የእሷ ነርቭ የሚያልፈው በሌላ መንገድ ነው!

የፊደል ገበታችን 33 በ7፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ 231 ሆሄያት አሉት። ኪቦርዱ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት 26 ብቻ! በድምፅ በሚጻፍበት ዘዴ «ደብረ ታቦር» ለማለት ስድስቱን ሆሄያት 10 ጊዜ መትተው ነው የሚጽፉት! የጸሐፊዎቻችን ጣቶች ስንቱን ይችላሉ!

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች በ1860 ዓ.ም. እየጎተቱ መቅደላ አደረሱት! ዛሬ በዚያው ከተማ ትከሻ የምታሳምመው 100 ግራም ገደማ የምትመዝን ማውዝ ናት! ጉዳቱ ያለው ከክብደቷ ሳይሆን ከድግግሞሹ ነው!

ጭንቅላትዎ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሞባይል ለማየት 60 ዲግሪ ሲያቀረቅሩ ግን በአንገትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል! ሩብ ኩንታል የፋርጣ ድንች እንኳ ያን ያህል አይከብድም!

መፍትሔው ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጧል! አንድ ደስታ ወረቀት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ሁለቱን ሦስቱን ከስክሪኑ ሥር ያድርጉ፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ ሲሆን አንገትዎ ይቃናል!

ሕመሙ ከኮምፒውተር በፊት ነበረ! ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1713 እ.ኤ.አ. የጸሐፊዎችን በሽታ ምክንያት ሦስት አድርጎ ጽፎታል፦ መቀመጥ፣ አንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴና የአእምሮ ጫና! የዛሬውን ቢሮ ያየ ይመስላል!

በጋይንት የቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት በቆየው ባህል ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል! ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ያለ ጠረጴዛ! የደቡብ ጎንደር ወገብና አንጓ ስንት ዘመን ተፈተነ!

ማኅሌት ቆመው የሚያድሩት ካህናት ግን ዘዴ አላቸው፤ መቋሚያ! በብብት ይደገፉታል፣ ከእግርና ከወገብ ላይ ሸክም ያነሳላቸዋል! በአቋቋምም አብሯቸው ይወዛወዛል!

በአከርካሪ አጥንቶችዎ መካከል ያሉት ዲስኮች የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል! ምግባቸውን የሚስቡት ሰውነትዎ ሲንቀሳቀስ ነው! ቀኑን ሙሉ ተጭነው ስለሚውሉም እርስዎ ማታ ከጠዋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው ቤትዎ ይገባሉ!

በጎንደር ከተማ የባንክ ሠራተኞች ዘንድ የዓይኑ ችግር 73 በመቶ ደርሶ ነበር! ከ20 ደቂቃ በላይ ሳያርፉ በሚሠሩት ላይ የመከሰት ዕድሉ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ አቀማመጣቸው በተበላሸው ላይ ደግሞ ከሁለት እጥፍም ያልፋል! እንግዲህ ሻይዎን ጠረጴዛዎ ድረስ አያስመጡ፤ ተነሥተው ሄደው ይጠጡ!