ያረጀ የጌም ኮምፒውተር፦ ማሻሻል ወይስ መለወጥ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኮምፒውተር ጌም ከመዝናኛነት አልፎ እንደ አንድ የኢኮኖሚ ዘርፍ መታየት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዱባይ በኖቬምበር 2023 ይፋ ያደረገችው የ2033 የጌም ፕሮግራም በዘርፉ 30,000 አዳዲስ የሥራ ዕድሎችን መፍጠርንና ከተማዋን በዓለም ከቀዳሚዎቹ 10 የጌም ከተሞች ተርታ ማሰለፍን ዓላማው አድርጓል። ከዚህ ሰፊ ዕቅድ ባሻገር ግን፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ በጋራ መኖሪያ ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የገዛውን ኮምፒውተር ለሚከፍት ሠራተኛ ጥያቄው ቀላልና ኪስን የሚነካ ነው፤ ይህን ማሽን አንዳንድ ክፍሎቹን ለውጦ ማቆየት ይሻላል ወይስ በአዲስ መተካት?

ጥያቄው ይበልጥ አጣዳፊ የሆነው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ ነው። ለግል ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ ብቻ እንዲቆይ ሆኖ ነው የቀረበው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት መሣሪያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከኢንቴል በኩል በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲ በኩል ደግሞ ከራይዘን 2000 በፊት የተሠሩ ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይደግፍም። ብዙ ሰው በአንዱ ኮምፒውተር ጌም ይጫወታል፣ በዚያው የባንክ ሒሳቡን ይከፍታል፣ በዚያው ለቤተሰብ ገንዘብ ይልካል፣ የፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ቅጂ ያስቀምጣል። በመሆኑም የደህንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ማሽን የሚያመጣው ጉዳት ከጌም መዘግየት በእጅጉ ይበልጣል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድሜ ብቻውን መልስ አይሰጥም። በ2017 የተገዙ ሁለት ኮምፒውተሮችን ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንደኛው ባለ 4 ኮር የሆነውን ኢንቴል ኮር አይ5-7400 ፕሮሰሰር በቢ250 ማዘርቦርድ ላይ ይዟል፤ ሁለተኛው ባለ 6 ኮር የሆነውን ራይዘን 5 1600 በቢ350 ማዘርቦርድ ላይ። ሁለቱም ዲዲአር4 የተባለውን የሜሞሪ ዓይነት ይጠቀማሉ፤ የሁለቱም ፕሮሰሰር በዊንዶውስ 11 የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ የለም። እስከዚህ ድረስ ዕጣቸው አንድ ይመስላል።

ልዩነቱ የሚወጣው ማዘርቦርዱ ምን ሊቀበል እንደሚችል ሲጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት በዚያው ቦርድ ላይ ሊሰካ የሚችለው ከፍተኛው ፕሮሰሰር ኮር አይ7-7700ኬ ሲሆን፣ እርሱም የ7ኛው ትውልድ በመሆኑ በዊንዶውስ 11 አይደገፍም። የ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች በቅርጽ ተመሳሳይ መሰኪያ ቢኖራቸውም በዚህ ቦርድ ላይ አይሠሩም። ሁለተኛው ባለቤት ግን ኤኤም4 በተባለው መሰኪያ ላይ የተመሠረተ ቦርድ ስላለው፣ አብዛኞቹ አምራቾች በ2022 ባወጡት የባዮስ ማሻሻያ አማካይነት ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣውን ራይዘን 5 5600 መሰካት ይችላል። ፕሮሰሰሩ በዊንዶውስ 11 የሚደገፍ ነው፤ ቲፒኤም 2.0ም ከባዮስ ሊበራ የሚችል ሆኖ አብሮት ይመጣል። አንዱ ኮምፒውተር በአንድ ዕቃ ለውጥ ሌላ የአገልግሎት ዘመን ያገኛል፤ ሌላው ያንኑ ለማግኘት ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን አንድ ላይ መለወጥ ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ ከማንኛውም ግዢ በፊት የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙ በራሱ በቦርዱ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ በዊንዶውስ የሥርዓት መረጃ ገጽ ላይም ይነበባል። በአምራቹ ድረ ገጽ ያንን ስም ፈልጎ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝርና የሚፈለገውን የባዮስ ስሪት ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የባዮስ ማሻሻያው የሚጫነው አሮጌው ፕሮሰሰር ገና በቦታው እያለ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ዘንግቶ አስቀድሞ የነቀለ ሰው የማይነሳ ኮምፒውተር ይዞ ወደ ጥገና ቤት መሄዱ አይቀርም።

ሆኖም ገንዘብ የማያስወጣ አንድ ሥራ መቅደም አለበት። የባሕረ ሰላጤው አቧራ ደቃቅ ነው፤ በር በተዘጋበት ክፍል ውስጥ እንኳ ገብቶ የማቀዝቀዣ ማራገቢያዎችን ይደፍናል። የበጋው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍበት ወቅት የክፍሉ ኤሲ ሲጠፋ ችግሩ ይብሳል። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተጫዋቹም ማሽኑ አርጅቷል ብሎ ይደመድማል። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ በታመቀ አየር ማጽዳትና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ማደስ አንዳንዴ የጠፋውን ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። አዲስ ሊገዛ የተነሣ ሰው ይህን ሳይሞክር መሄድ አይገባውም።

ከጽዳቱ በኋላም ጌሙ የሚንቀራፈፍ ከሆነ የትኛው ክፍል ወደኋላ እንደሚጎትት መለየት ይቀጥላል። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ጌሙ እየሄደ ሳለ የፕሮሰሰሩን፣ የሜሞሪውን፣ የዲስኩንና የግራፊክስ ካርዱን አጠቃቀም በመቶኛ ያሳያል። ቁጥሩ ግን አልፎ አልፎ ያሳስታል፤ አንዱ ኮር ብቻ ተጨናንቆ ሌሎቹ ሥራ ሲፈቱ የፕሮሰሰሩ አማካይ ዝቅተኛ ሆኖ ይታያል። የተሻለው ፈተና የምስሉን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። በዚህ ጊዜ የጌሙ ፍጥነት ጎላ ብሎ ከጨመረ ሸክሙ የነበረው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ችግሩ በአብዛኛው በፕሮሰሰሩ ወይም በሜሞሪው በኩል ነው።

ኮምፒውተሩ እስካሁን በሃርድ ዲስክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ኤስኤስዲ ይገዛ። እንደ ስታርፊልድ ያሉ ጌሞች ኤስኤስዲን በዝቅተኛው መስፈርታቸው ውስጥ አስገብተዋል፤ ዕቃው በኋላ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ስለሚዛወርም ገንዘቡ አይባክንም።

ስለ ሜሞሪ ግን ጊዜው አስቸጋሪ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት የሜሞሪ ምርትን በብዛት በመሻማታቸው ከ2025 ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ዋጋው በመላው ዓለም አሻቅቧል። ይህ የማሻሻልና የመለወጥን ሚዛን ራሱን ቀይሮታል። አዲሶቹ የኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ዲዲአር5ን ብቻ የሚቀበሉ በመሆናቸው፣ በእጁ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ያለው ሰው ያንን ጥሎ ሲሄድ ቀድሞ ከነበረው የበለጠ ዋጋ እየከፈለ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአይ5-7400 ባለቤትም ቢሆን ሁሉን ለመጣል አይገደድም፤ ከኢንቴል 12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ከሚቀበሉ ማዘርቦርዶች መካከል ዲዲአር4 የሚጠቀሙ ስላሉ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ሳጥኑን ወደዚያ ማዛወር ይችላል።

የብዙዎች ልብ የሚያርፈው በግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ለረጅም ዘመን የብዙ ተጫዋቾች ካርድ ነበር፤ ዛሬም እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ላሉ ጌሞች ይበቃል። ነገር ግን በዲሴምበር 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌምና በሜይ 2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ የተባለውን የብርሃን ስሌት በራሱ ማከናወን የሚችል ካርድ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ቅንብሩን ዝቅ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ጌሙ በአሮጌው ካርድ ላይ በአግባቡ አይሠራም። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱን መጠየቅ ያለበት በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ምን ሊጫወት እንደሚፈልግ ነው። በየምሽቱ ከጓደኞቹ ጋር አንዱን ጌም ብቻ የሚጫወት ሰው የካርድ ገበያ ማስታወቂያ ሊያስጨንቀው አይገባም።

ካርድ ለመግዛት የወሰነ ሰው ፓወር ሰፕላዩን ሳያይ እንዳይከፍል። የሚሰጠው የዋት መጠንና ለካርዱ የሚሆኑት ገመዶች መኖራቸው መታየት አለበት፤ የካርዱ ርዝመትም በሳጥኑ ውስጥ ካለው ቦታ ጋር ይለካ። በተለይ ከመሥሪያ ቤት ወጥተው በሁለተኛ እጅ የሚሸጡ ትናንሽ ዴስክቶፖች ለዚህ ያስቸግራሉ። ዋጋቸው ረከስ ስለሚል ይማርካሉ፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ፣ መሰኪያውም የአምራቹ ብቻ የሆነ ልዩ ዓይነት በመሆኑ ከገበያ በተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ መተካት አይቻልም። ረክሶ የተገዛው ማሽን ካርድ አልቀበል ብሎ መልሶ ይሸጣል።

ሒሳቡ በመጨረሻ በወረቀት ላይ ይሥፈር። የሚለወጡት ዕቃዎች ዋጋ ተደምሮ፣ 5 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱ ተጠይቆ፣ ተመጣጣኝ አቅም ካለው ሙሉ አዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር ይነጻጸር። ድምሩ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈና አሮጌው ፓወር ሰፕላይና ሳጥን እንዳሉ የሚቀሩ ከሆነ አዲሱን መግዛት ወደ ማመዛዘን ያደላል፤ አዲሱ ከዋስትና ጋር ይመጣልና። በቡር ዱባይ አል ዐይን ሴንተር በሚገኘው የኮምፒውተር ገበያ ሱቆቹ ጎን ለጎን ስለሚገኙ ከሦስት ቦታ ዋጋ በጽሑፍ መቀበል ከባድ አይደለም። ከግለሰብ የሚገዛ ካርድ ግን በኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ጌም ሄዶበት ሳይታይ ገንዘብ ባይሰጥበት ይመረጣል።

አሮጌውን ኮምፒውተር ለትምህርት እንዲሆን ለእህት ወይም ለወንድም ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብም አለ። የኤሚሬትስና የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ሁለቱም በ50 ኸርዝ የሚሠራና በቮልት ተቀራራቢ በመሆኑ ማሽኑ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ ለሦስት ጠፍጣፋ እግር የተሠራው ገመድ ብቻ በባለ ሁለት ክብ እግር ይለወጥ። ከመላኩ በፊት ዲስኩ ሙሉ በሙሉ መጥፋትና የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች መውጣት አለባቸው። ግራፊክስ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይታሸግ፤ በቦታው ተሰክቶ የተጓዘ ከባድ ካርድ በመንገጫገጭ የማዘርቦርዱን መሰኪያ ሊሰብር ይችላል።