ልብ እንደ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት፦ ሒሳባዊ ሞዴልና የኪው ቲ መርዘም

የልብ ሕዋስ ኤሌክትሪካዊ ጠባይ ከተጠና ጀምሮ ሲገለጽ የቆየው በሰርኪዩት ቋንቋ ነው። የሕዋሱ ሽፋን ኤሌክትሪክ እንደሚያከማች ካፓሲተር፣ አዮኖች የሚያልፉባቸው ቻነሎች እንደ ሬዚስተር፣ ከሽፋኑ ውስጥና ውጭ ያለው የሶዲየምና የፖታሲየም መጠን ልዩነት ደግሞ እንደ ባትሪ ይቆጠራሉ። ንጽጽሩ ለማስተማሪያ ብቻ የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። ቀመር ተጽፎለትና በኮምፒዩተር ተሰልቶ፣ አንድ መድኃኒት የልብን ምት ያዛባ እንደሆነ አስቀድሞ ለመገመት የሚያገለግል መሣሪያ ሆኗል።

በተራ ሬዚስተር ውስጥ ቮልቴጁ እጥፍ ቢሆን የሚያልፈውም ከረንት እጥፍ ይሆናል። በሕዋስ ሽፋን ላይ ግን የቻነሎቹ መከፈትና መዘጋት ራሱ በቮልቴጁ ስለሚወሰን፣ ጥቂት ለውጥ አንዳንዴ ምንም ሳያስከትል ያልፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሙሉ ምት ይቀሰቅሳል። እንዲህ ያለው ሰርኪዩት መስመራዊ ያልሆነ ይባላል። ቀመሩ በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ተፈትቶ የሚያልቅ ባለመሆኑ ጊዜው በጥቃቅን እርምጃዎች ተከፋፍሎ፣ የአንዱ እርምጃ መልስ ለሚቀጥለው መነሻ እየሆነ ይሰላል። ሲሙሌሽን የሚባለው ይኸው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ቫን ደር ፖልና ቫን ደር ማርክ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከኒዮን መብራቶች የተሠራ የልብ አምሳያ አቅርበው ነበር። የኒዮን መብራት ቮልቴጁ ከተወሰነ ደረጃ እስኪደርስ ከረንት አያሳልፍም፤ ሲደርስ በቅጽበት ያበራና ካፓሲተሩን ያራግፋል፤ ከዚያም ጠፍቶ እንደገና መሙላት ይጀምራል። አንደኛው ሰርኪዩት የሳይነስ ኖድን፣ ሁለተኛው የላይኞቹን የልብ ክፍሎች፣ ሦስተኛው ቬንትሪክሎችን ይወክል ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ግንኙነት እንዲዳከም ሲደረግ፣ ሐኪሞች በኢ.ሲ.ጂ. የሚያውቁት የልብ ብሎክ በመሣሪያው ላይ ታየ።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሆጅኪንና ሃክስሊ በስኩዊድ ትልቅ የነርቭ ዘንግ ላይ ካደረጉት ልኬት ተነሥተው አራት ተያያዥ ቀመሮችን ጻፉ። ሃክስሊ ስሌቱን የሠራው በእጅ በሚዞር ማስሊያ ነበር። ዴኒስ ኖብል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ቀመሮቹን ለልብ አስማምቶ በኮምፒዩተር በማስላት፣ ከነርቭ ይልቅ እጅግ የሚረዝመውን የልብ አክሽን ፖቴንሻል እንደሚያስገኙ አሳየ።

ለጤና ባለሙያ ዋናው ቁም ነገር በዚህ ርዝመት ላይ ነው። አክሽን ፖቴንሻሉ ከፍ ብሎ በሚቆይበት ወቅት ወደ ውስጥ የሚገባው የካልሲየም ከረንትና ወደ ውጭ የሚወጣው የፖታሲየም ከረንት ሊመጣጠኑ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ የፖታሲየሙ ከረንት መጠነኛ መቀነስ ሕዋሱ ወደ ዕረፍት የሚመለስበትን ጊዜ በብዙ ያራዝማል፤ በኢ.ሲ.ጂ. ላይም ኪው ቲ ይረዝማል። መዘግየቱ ከወሰን ካለፈ የካልሲየም ቻነሎች እንደገና ይከፈቱና ያለጊዜው ሌላ ምት ይነሣል፤ ቶርሳድ ዴ ፑዋንት የሚባለው አደገኛ የምት መዛባትም ሊከተል ይችላል። ሲሙሌሽኑ እንደሚያሳየው ከወሰኑ በፊት ነገሩ ሁሉ ጤናማ ይመስላል። አንዱን መድኃኒት ያለችግር የተቀበለ ታማሚ ሁለተኛው ሲጨመርለት በድንገት ለአደጋ የሚጋለጠውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የደም ፖታሲየም ማነስ የሚያስከትለው ውጤት ብዙዎችን ያስገርማል። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ፖታሲየም ሲቀንስ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ስለሚጨምር ከረንቱም ይጨምራል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ይሁንና ኸርግ የተባለው የፖታሲየም ቻነል በዚህ ጊዜ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከረንቱም እንደተጠበቀው ሳይጨምር ያንሳል።

ቀድሞ የነበረው የመድኃኒት ምርመራ በአብዛኛው ይህን ቻነል ብቻ ይመለከት ነበር። መንገዱ ጠቃሚ ቢሆንም ቬራፓሚልን የመሰለ መድኃኒት ያደናግረዋል፤ ቬራፓሚል ኸርግን ቢዘጋም የካልሲየም ከረንትንም ስለሚቀንስ ቶርሳድ የሚያስከትለው ከስንት አንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የተጀመረውና ሲፓ የተሰኘው ጥረት በዚህ ምክንያት የበርካታ ቻነሎችን ልኬት በአንድነት ወደ ኮምፒዩተር ሞዴል አስገብቶ ጠቅላላውን ሚዛን ይመረምራል።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ የራቀ አይደለም። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጡት ቤዳኩዊሊን፣ ክሎፋዚሚንና ሞክሲፍሎክሳሲን እያንዳንዳቸው ኪው ቲን ያረዝማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በአንድነት ይታዘዛሉ። ታማሚው ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከያዘው ፖታሲየሙና ማግኒዚየሙ ይቀንሳሉ። ለማስመለሱ ኦንዳንሴትሮን ቢታዘዝለት ኪው ቲን የሚያረዝም ሌላ መድኃኒት ተጨመረ ማለት ነው። ቤዳኩዊሊን ከሰውነት ተወግዶ እስኪያልቅ ወራት ስለሚፈጅ መድኃኒቱን ማቆም ብቻውን ፈጣን መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ኢ.ሲ.ጂ. ከሕክምናው በፊትና በሂደቱም መነሣት፣ ፖታሲየምም መለካት ይኖርበታል። ለልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪው ቲ ከ500 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ታማሚው ሳይዘገይ መታየት አለበት፤ ኪው ቲን የሚያረዝሙት መድኃኒቶችም በአብዛኛው እንዲቆሙ ይደረጋል።

ሞዴሉ የሚያሰላው የተሰጠውን ቁጥር ነው። በአልጋ ላይ ያለችው ታማሚ ሴት መሆኗ፣ የልብ ምቷ መዝግየቱ፣ ትናንት ማታ ከውጭ ገዝታ የዋጠችው ክኒን በቀመሩ ውስጥ የሉም፤ እነዚህን ጠይቆ የሚያገኛቸው ተረኛው ባለሙያ ነው።