ድንጋይም ይደክመዋል

ባለፈው ሳምንት የስልኬ ቻርጀር ገመድ አንገቱ ላይ ተበጠሰ። የዛን ቀን የተለየ ነገር አላደረግኩትም። እንደ ወትሮው ሰካሁት፣ እንደ ወትሮው ታጠፈ፣ አለቀ። ጓደኛዬ ሳቀብኝና «ዛሬ እኮ አይደለም የተበጠሰው፤ ከገዛኸው ቀን ጀምሮ ሲበጠስ ነበር» አለኝ።

ይሄ ልጅ የሚናገረውን ያውቃል። ኢኮኖሚክስ አብረን ተመርቀን፣ እኔ የሥራ ማስታወቂያ ሳሳድድ እሱ አንድ ዓመት ያህል ኮብልስቶን ጠርቧል። ትልቅ ድንጋይ እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል የነገረኝም እሱ ነው። በመሮ መስመር ታወጣለህ፣ ከዚያ በዚያው መስመር ላይ ደጋግመህ ትመታለህ። መጀመሪያ ድንጋዩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቆይቶ ድምፁ ይታፈናል። ያኔ ከውስጥ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

«ታዲያ የሰበረው የትኛው ምት ነው?» አልኩት።

«ሁሉም» አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ድንጋይ እንደምናስበው ድፍን አይደለም። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆችና ክፍተቶች አሉ። ጫና ሲያርፍበት የስንጥቆቹ ጫፍ በጥቂቱ ይከፈታል። ጫናው ሲነሳ ወደ ቦታው የተመለሰ ይመስላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 100 ኪሎ ሲጫንበት የሚሰበር ድንጋይ፣ 80 ኪሎ እየተጫነና እየወረደ ቢደጋገምበት፣ አንድ ቀን በዚያው በ80 ሊሰበር ይችላል። ባለሙያዎቹ ይህን «ድካም» ይሉታል።

ድካሙ ሦስት ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ ድንጋዩ ቶሎ ቶሎ ቅርጹን ይቀይራል። ቀጥሎ ረጅም ጸጥታ ይመጣል፤ ለውጡ በጣም አዝጋሚ ነው። በመጨረሻ ስንጥቆቹ ይገናኙና ነገሩ ይፈጥናል፣ ይሰበራል። የሚያታልለው መካከለኛው ነው።

ድንጋይ ትዝታም አለው። ጀርመናዊው ዮሴፍ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1950 በብረታ ብረት ላይ ያጠናው ነገር ኋላ በድንጋይም ታይቷል። አንዴ የተጫነ ድንጋይ እንደገና ሲጫን፣ የቀድሞው መጠን እስኪደርስ ድረስ ከውስጡ የስንጥቅ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ክፉኛ ከተጎዳ ግን ገና ሳይደርስ መንጣጣት ይጀምራል። መሐንዲሶች በስስ መሣሪያ የሚያዳምጡት ይህንን ነው። ጓደኛዬ በጆሮው ይሠራው የነበረውን ማለት ነው።

መዶሻ ግን የግድ አይደለም። በአሜሪካ ዮሰማይት ፓርክ ተመራማሪዎች ከገደል ላይ በከፊል የተላቀቀ የግራናይት ንጣፍ ለዓመታት ለክተው ነበር። በፀሐይ ሙቀት ብቻ በቀን እስከ 1 ሴንቲ ሜትር እየተከፈተ ይዘጋል። በየቀኑ፣ ማንም ሳይነካው።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ላሊበላ ሄደ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት እሳተ ገሞራ ከወለደው ድንጋይ ነው። ክረምት ውሃ ይገባበታል፣ በጋ ፀሐይ ያደርቀዋል። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ይህ ወደ 800 ክረምት የሚጠጋ ተደጋግሟል። እ.ኤ.አ. በ2008 ለተወሰኑት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የብረት መጠለያ ተሠራላቸው፤ ጊዜያዊ ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማዋ ነዋሪ መጠለያው ራሱ አደጋ ሆኗል ብሎ ሰልፍ ወጣ።

እኛ ኢኮኖሚክስ ስንማር የመጨረሻዋን አንዲት ጭማሪ እንድናይ ነው የተማርነው። ድንጋይ ላይ ግን የመጨረሻዋ ታሳስታለች። አንድ ግድግዳ ሲወድቅ «የዘንድሮ ዝናብ ከባድ ስለነበር ነው» እንላለን፤ የዘንድሮው ዝናብ ካምናው ባይበልጥም። ለወደቀ ነገር በጀት ይገኛል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ካሜራ ይመጣል። በዚያ ረጅም ጸጥታ ውስጥ ግን ጥገናው ርካሽ ነው፤ የሚታይ ነገር ስለሌለ ማንም ገንዘብ አይመድብለትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ለበጎ ነው። ስንጥቅም እንደዚያው ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ላሊበላ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ሰልፊ ከተነሳችሁ በኋላ አንድ ፎቶ ጨምሩ፦ የግድግዳ ስንጥቅ፣ ቀኑ ከነቦታው። በዓመቱ የሄደ ሰው ያንኑ ቦታ ቢያነሳ፣ ስንጥቁ መሄድ አለመሄዱን ማየት ይቻላል።

እኔ አዲስ ገመድ ገዝቻለሁ። አንገቱን በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፤ ገና ሳይበጠስ።