አዲስ ፍሬን ስለ ምን ይደክማል?

ባለፈው ክረምት ከአባቴ ጋር የመኪናችንን የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ በግቢያችን ውስጥ ለወጥን። አባቴ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ በሩ ሲነዳ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ታናሽ እኅቴ በሩን ከፍታ ቆማ ነበርና፣ በእጅ ፍሬን ባያቆመው ኖሮ የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ምክንያቱን አንድ መካኒክ አስረዳን። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለ ሆነ፣ ሲገጠም ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ስለዚህ ከመንዳት በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ይህ ተደርጎም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ቢለሰልስ በቧንቧው ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። የፍሬን ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃልና የእግርን ኃይል ይበላዋል። ስለዚህ አየሩን ማስወጣት ግድ ነው።

ፔዳሉ ጠንክሮ ሳለ መኪናው ቶሎ ካልቆመ ደግሞ፣ አዲሱ ዲስክ እንዳይዝግ የተቀባው ቅባት ሳይጠረግ ቀርቶ፣ ወይም ሸራው ከዲስኩ ጋር ገና ሳይላመድ ይሆናል። ለማላመድ፣ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመጠኑ እየያዙና በየመካከሉ እያሳረፉ ደጋግሞ ማቀዝቀዝ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፣ አዲስ ዕቃ ሁሉ የተፈተነ አይደለም። እኛ አሁን ከግቢ ሳንወጣ ፔዳሉን እንፈትናለን፤ እኅቴም በሩን ከፍታ ወደ ዳር ትቆማለች።